ጎማ መንገድ ላይ ሲተነፍስ፣ ስኮርታም ሳይኖር



ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ የጎማ ጉዳይ ነው። ጎማ መንገድ ላይ ቢተነፍስና ቅያሪ ጎማ ባይኖር ምን ይደረጋል? ነገሩ ይኸው ነው።

«እኛ ገበሬዎች ነን፤ መኪና የለን፤ የጎማ ነገር ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እስቲ አስቡት። እህላችሁ ወደ ገበያ የሚሄደው በአይሱዙ ነው። ማዳበሪያው የሚመጣላችሁ በመኪና ነው። ወደ ወረዳ ከተማ የምትወርዱት በባጃጅ ወይም በጋሪ ነው፤ የዛሬ ጋሪ ደግሞ እግሩ የመኪና ጎማ ነው። ነፍሰ ጡር ምጥ ሲጠናባት ሐኪም ቤት የምታደርሳት መኪና የምትሄደው በአራት ጎማ ነው። ጎማው ሲተነፍስ ፀሐይ ላይ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። ሽንኩርታችሁ ነው የሚበሰብሰው። ጎማው ሲፈነዳ ከጭነቱ ላይ የምትወድቁትም እናንተው ናችሁ። ታዲያ እንዴት አያገባችሁም?

በመጀመሪያ ቃላቱን እንያዝ። የመኪና ሰዎች የሚናገሩት አብዛኛው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው። «ጎማ» ራሱ የጣልያን ቃል ነው። ጎማ የሚጠግነው ሰው «ጎሚስታ» ይባላል። መኪናውን ከመሬት የሚያነሣው መሣሪያ «ክሪክ» ነው። ጎማው የሚያርፍበት ክብ ብረት «ቸርኬ» ይባላል። በጎማው ውስጥ ሆኖ አየር የሚይዘው ስስ ላስቲክ «ከመነዳሪ» ነው። ለክፉ ቀን የሚያዘው ትርፍ ጎማ ደግሞ «ስኮርታ» ነው። እነዚህን ስድስት ቃላት ጻፏቸው። አውቃችኋቸው ከሾፌር ጋር ስትነጋገሩ ሾፌሩ አያታልላችሁም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ልውሰዳችሁ። ቂርቆስ ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ካዛንቺስ የሚባለው ሰፈር የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። የካዛንቺስ ስምም ከጎማና ከክሪክ ጋር የመጣ ነው። ጣልያኖች አገራችንን በወረሩበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበራቸው። የድርጅቱ ስም ሲያጥር «ኢንቺስ» ይባል ነበር። «ካዛ» ማለት ቤት ነው። ሁለቱ ቃላት ሲገጥሙ ካዛንቺስ ሆነ። ወራሪው ተባርሮ ሄደ፤ የሰፈሩም የመሣሪያውም ስም ቀረ።

ይኸ ሰፈር ዛሬ የቀድሞውን አይመስልም። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል፤ መንገዱም ሰፍቷል። ድሮ ጎሚስታን ለማግኘት ማንበብ እንኳ አያስፈልግም ነበር። አሮጌ ጎማ በመንገድ ዳር ተሰቅሎ ወይም ተደርድሮ ይታያል፤ እሱ ነው ምልክቱ። ሰፊው መንገድ ዳር ግን አሁን የእግረኛ መሄጃ ነው፤ ጎሚስታን የምታገኙት ጠይቃችሁና ወደ ውስጥ ገብታችሁ ነው። ቤት በሚፈርስበት ቦታ ደግሞ ቆርቆሮና ሚስማር መሬት ላይ ይወድቃል። ሚስማሩ ሲበዛ ጎሚስታው ራቀ ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ገበሬ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። የምንጃር ሰው ናቸው፤ ጸጉራቸው ሸበት ብሏል፤ ማንበብ የጀመሩት በቅርቡ ነው። ጤፍና ሽንኩርት በአይሱዙ አስጭነው፣ በቢሾፍቱ በኩል አድርገው ለእሁድ ገበያ ይመጣሉ። እሳቸው ጋቢና ውስጥ ናቸው። ሁለት ጎረምሶች ከጭነቱ ላይ ተቀምጠዋል። ሌሊቱ ሊነጋ ነው። መኪናው ከእስጢፋኖስ አልፎ፣ ኡራኤል ደርሶ ወደ ካዛንቺስ ሲታጠፍ መሪው ወደ ቀኝ ይጎትታል። ፊት ለፊት ያለው የቀኝ ጎማ ተነፈሰ።

ሾፌሩ ጎበዝ ነው፤ ፍሬኑን በድንገት አልረገጠም። ጎማ ሲፈነዳ ወይም ሲተነፍስ ፍሬን በኃይል የረገጠ ሰው መኪናውን ያዞረዋል፤ ጭነት ካለ ይገለብጠዋል። መሪውን አጥብቆ መያዝ፣ ነዳጁን መልቀቅ፣ መኪናው በራሱ እንዲዘገይ መተው ነው የሚሻለው። ሾፌሩ እንዲህ አደረገ። ከዚያ ግን እንዲህ አለ፦

«አባባ፣ ጥቂት ነው የቀረን። ቀስ ብዬ ልድረስ።»

«ስኮርታ የለህም እንዴ ልጄ?»

«ባለንብረቱ ለሌላ መኪና ሰጥቶታል። ይመለሳል ብሎኝ ነበር።»

ይኸ የተለመደ ነው። ከውጭ የሚመጣ ጎማ ውድ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ስለዚህ ስኮርታው ይሸጣል፤ ወይም ይዋሳል፤ ወይም ያረጀው ጎማ በስኮርታ ቦታ ለይምሰል ይታሰራል። ባለንብረቱ ቤቱ ተኝቶ ሳለ ችግሩ የሚደርሰው በሾፌሩና በባለጭነቱ ላይ ነው። እኔ ብሆን መኪና ከመከራየቴ በፊት «ስኮርታው የት አለ? አሳየኝ» እላለሁ። በቡጢ መታ አድርጌም ንፋስ እንዳለው አያለሁ። በሬ ስትገዙ ጥርሱን ታዩ የለም?

«ቀስ ብዬ ልድረስ» የሚለውን ነገር እንመልከት። ጎማ ንፋስ ሲያልቅበት የመኪናው ክብደት በቸርኬው ላይ ያርፋል። ቸርኬው የጎማውን ጎን ከመሬት ጋር አጣብቆ ያኝከዋል። በሚስማር የተበሳ ጎማ በትንሽ ገንዘብ ይጠገናል፤ ተነፍሶ የተነዳ ጎማ ግን ጎኑ ይቆራረጥና ለጥገና አይሆንም። ከመነዳሪውም ይፈጫል። ከዚህም በላይ መሪው አይታዘዝም። ስለዚህ አይነዳም።

ግን አንድ ነገር አለ። የቆማችሁበት ቦታ አደገኛ ከሆነ፣ ማለትም ኩርባ ላይ፣ ድልድይ ላይ፣ ወይም መኪና በሚበርበት መንገድ መሐል ከሆነ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት እየነዱ ጥግ መያዝ ይገባል። ጎማው ይጥፋ። ጎማ ይገዛል።

የኛ ሾፌር ከሰፊው መንገድ ወጥቶ ወደ ጎን መንገድ ገባ፤ ሜዳ ቦታ መርጦ ቆመ። ቁልቁለት ላይ ክሪክ አይሠራም፤ መኪናው ተንሸራትቶ ይወድቃል። የእጅ ፍሬን ሳበ፤ ማርሽ አስገባ፤ አራቱንም ፍሬቻ አበራ። ጎረምሶቹ ከጭነቱ ወረዱ። የወረዱትም በእግረኛው በኩል፣ በቀኝ ነው። በግራ በኩል የወረደ ሰው ከኋላ በሚመጣ መኪና ይመታል። ጎማ በሚቀየርበት ጊዜ መኪናው ላይ ሰው መኖር የለበትም፤ ሕፃንም ቢተኛ ተሸክሞ ማውረድ ነው።

አሁን ወደ ምልክቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና።

መኪና ሲበላሽ በአገራችን ምን ይደረጋል? ቅጠል ይቆረጥና ከኋላ መንገዱ ላይ ይጣላል፤ ድንጋይ ይደረደራል። ቅጠሉ መልካም ነው። ከሩቅ ያየው ሾፌር «ፊት ለፊት የቆመ መኪና አለ» ብሎ ይዘገያል፤ ባያየውም ቅጠል ገድሎ አያውቅም። ድንጋዩ ግን ሌላ ነገር ነው። በቀን ይታያል፤ በሌሊት አይታይም። ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው አንድ የራስ ቅል የሚያክል ድንጋይ ቢገጥመው አለቀ። ይባስ ብሎ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል! ሾፌሩ ደስ ብሎታል፤ ቸኩሏል፤ ድንጋዩን ማን ያስታውሰዋል? ያ ድንጋይ በማግስቱ ሌላውን ሰው ይጠብቃል። ሌላው ሰው የማይታወቅ ሰው ይመስለናል፤ ግን በዚያ መንገድ የሚመላለሰው የሰፈራችን ሰው እኮ ነው።

ትክክለኛው ምልክት የሚያንጸባርቅ ቀይ ሦስት ማዕዘን ነው። ከመኪናው ኋላ 50 እርምጃ ያህል ርቆ ይቀመጣል፤ መኪና በሚፈጥንበት የገጠር አስፋልት ደግሞ 100 እርምጃ። ኩርባ ካለ ከኩርባው ወዲያ ማዶ እንጂ ወዲህ አይቀመጥም፤ የሚመጣው ሾፌር ኩርባውን ከመዞሩ በፊት ማየት አለበትና። ሦስት ማዕዘን ከሌለ ለምለም ቅጠል በብዛት። ሌሊት ከሆነ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ይቁም፤ ያወዛውዝ። ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው በጨለማ ከሩቅ ይታያል፤ ጋቢያችን እዚህ ላይ ጠቃሚ ነው። ድንጋይ የሚፈለገው ለሌላ ሥራ ነው፤ ከመንገድ ላይ ሳይሆን ከጎማው ሥር።

ሾፌሩ ሁለት ድንጋይ ወስዶ ከኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ አደረገ። መኪናው ፈቀቅ እንዳይል ነው። ከዚያ የጎማውን ዳዶዎች ላላ አደረጋቸው። ልብ በሉ፤ ዳዶ መጀመሪያ የሚላላው ጎማው መሬት ላይ ሳለ ነው። መኪናውን አንሥቶ ዳዶ የሚታገል ሰው መኪናውን ከክሪኩ ላይ ይጥለዋል። ሌላም ነገር አለ። በብዙ የቆዩ የጃፓን ጭነት መኪናዎች በግራ በኩል ያሉት ዳዶዎች የሚፈቱት እንደ ቀኞቹ አይደለም፤ አዟዟራቸው በተቃራኒው ነው። ይኸንን ያላወቀ ረዳት «ዝጎ ነው» እያለ ብረቱ ላይ ቆሞ ይዘላል፤ እየፈታ መስሎት ያጠብቀዋል፤ በመጨረሻ ብሎኑን ይሰብረዋል።

ክሪኩ አስፋልት ላይ በደንብ ይቆማል። በመረሬ አፈር ላይ ግን ይሰምጣል። ጠፍጣፋ ጣውላ ወይም ሰፊ ድንጋይ ከሥሩ ማድረግ ነው። ክሪኩ የሚያርፍበትን የመኪናውን ቦታ ሾፌሩ ያውቃል፤ ቆርቆሮው ላይ ካረፈ ያጎብጠዋል።

አሁን ስኮርታ የሌለው ሰው ችግር ይመጣል። ስኮርታ ያለው ሰው አንዱን አውጥቶ ሌላውን ያስገባል፤ መኪናው በክሪክ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው። ስኮርታ የሌለው ግን ጎማውን ፈትቶ ወደ ጎሚስታ ይሄዳል። እስኪመለስ አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ያን ሁሉ ጊዜ የተጫነ መኪና በአንዲት ክሪክ ላይ መተው ሰው ለመግደል መዘጋጀት ነው። ሕፃን ይገባል። ጥላ የፈለገ ሰው ከሥሩ ይተኛል። ክሪክ ደግሞ ዘይቱ ያንጠባጥባል፤ ይወርዳል።

ስለዚህ ድጋፍ ይሠራል። የቤት ግድግዳ እንደምትደረድሩት ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ከሻንሲው ሥር፣ ከክሪኩ አጠገብ ተደርድሮ ክብደቱ በእሱ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ክብ ድንጋይ አይሆንም፤ ይንከባለላል። የሲሚንቶ ብሎኬት አይሆንም፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ በድንገት ይፈራርሳል። በዚህ ሥራ ገበሬው ከከተሜው ይበልጣል። የምንጃሩ አባትም ካባቸውን አውልቀው ድንጋዩን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። እጃቸውንም እግራቸውንም ከመኪናው ሥር አላስገቡም፤ ድንጋዩን የገፉት በረዥም እንጨት ነው። አንደኛው ጎረምሳ ከመኪናው ዘንድ ቀረ፤ ሕፃን እንዳይጠጋ የሚጠብቅ ነው፤ ጭነቱንም ይጠብቃል።

ሌላው ጎረምሳ ጎማውን እያንከባለለ፣ ሾፌሩና ሽማግሌው ተከትለው፣ መንገደኛ እየጠየቁ ጎሚስታ አገኙ። ጎሚስታው ወጣት ነው።

«አባባ፣ እዚች ጄሪካን ላይ አረፍ ይበሉ» አላቸው።

«አመሰግናለሁ ልጄ። መቀመጡስ ይቅር፤ ሥራህን ልይ።»

ዋጋው መጀመሪያ ተነገረ። ሥራው ካለቀ በኋላ ዋጋ መጠየቅ ጠብ ነው፤ በተለይ በሌሊት።

ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው በብረት አላቀቀ፤ ከመነዳሪውን መዝዞ አወጣ፤ ንፋስ ሞልቶ በውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ እያዞረ ነከረው። በአንድ ቦታ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ቀዳዳው እዚያ ነው። ምልክት አደረገበት፤ አደረቀው፤ ዙሪያውን በሞረድ ፋቀው። መፋቁ ለምን ይመስላችኋል? ለስላሳ ላስቲክ ላይ ማስቲሽ አይዝም። ጭቃ ለመምረግ ግድግዳውን ሸካራ እንደምታደርጉት ነው። ከዚያ ማስቲሽ ቀባ፤ ጠበቀ። ማስቲሹ እርጥብ ሳለ ቢለጥፈው ቶሎ ይላቀቃል፤ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን መቆየት አለበት። በመጨረሻ ቁራጭ ላስቲኩን ለጥፎ በጋለ ብረት ጠፍሮ ያዘው። አንዳንዱ ጎሚስታ ሳያግል ለጥፎ በመዶሻ ብቻ ይመታዋል። እሱም በደንብ ከተሠራ ይይዛል፤ ለጭነት መኪና ግን በእሳት የተጣበቀው ይሻላል።

ሽማግሌው ጠየቁ፦ «ሚስማሩስ ወጣ?»

ይኸ ከባድ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ ከመነዳሪው ተለጥፎ ይገባል፤ ሚስማሩ ግን ጎማው ውስጥ ተሰክቶ እንዳለ ነው። አሥር ደቂቃ ሳትሄዱ መልሶ ይበሳዋል። ሰው ጎሚስታውን «ሌባ» ብሎ ይሰድባል፤ ጥፋቱ ያለመፈተሽ ነው። ጎሚስታው ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን ዳሰሰ። ጨርቁ በአንድ ቦታ ያዝ አደረገው። የቆርቆሮ ሚስማር ነው፤ በፒንሳ ነቀለው።

ቀጥሎ ሽማግሌው በጎማው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ ተጠግተው ያዩ ጀመር። ፊደሉ የፈረንጅ ነው፤ ቁጥሩ ግን እሳቸው የተማሩት ቁጥር ነው። በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት አሃዝ አገኙ፦ 2318።

«ይኸ ዋጋው ነው እንዴ ልጄ?»

«አይ አባባ፣ የተሠራበት ጊዜ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱ ናቸው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱ። በፈረንጅ 2018 ዓ.ም.፣ 23ኛው ሳምንት።»

በኛ አቆጣጠር ወደ ሰኔ 2010 ዓ.ም. ገደማ ማለት ነው። ወገኖቼ፣ ይኸን ቁጥር ማንበብ ልመዱ። በጎማው በአንዱ ጎን ካላገኛችሁት ዞር ብላችሁ በሌላው ጎን ፈልጉ። አሃዙ ሦስት ብቻ ከሆነ ጎማው የተሠራው በፈረንጅ 2000 ዓ.ም. ከመግባቱ በፊት ነው፤ ለመኪና አትግዙት። ጎማ የሚሠሩት ፋብሪካዎች ራሳቸው ከ10 ዓመት ያለፈውን ጎማ ጥርሱ ባያልቅም ቀይሩት ይላሉ። ላስቲክ ተቀምጦም ያረጃል፤ ይደርቃል፤ ይሰነጣጠቃል። ነጋዴ ያረጀውን ጎማ በጥቁር ቀለም አሳምሮ «አዲስ ነው» ሊላችሁ ይችላል። አራቱን አሃዝ ግን መቀባት አይለውጠውም። ለጋሪያችሁም ለባጃጃችሁም ጎማ ስትገዙ ይኸንን አንብቡ።

ጎሚስታው ንፋስ ሲሞላ ሽማግሌውን «ወደዚያ ፈቀቅ ይበሉ» አላቸው። ደግ አደረገ። በአንዳንድ የጭነት መኪና ቸርኬ ላይ ጎማውን የሚይዝ የብረት ቀለበት አለ። ቀለበቱ በደንብ ካልገባ ንፋስ ሲሞላ ይፈናጠራል፤ ሰውን መትቶ ይገድላል። ስለዚህ ከፊት ለፊቱ አይቆምም፤ ጎንበስ ብሎም አይታይም። የንፋሱም ልክ በመለኪያ እንጂ በእግር በመርገጥ አይታወቅም። ለትንሽ የቤት መኪና በመለኪያው ከ30 እስከ 35 ይበቃል። ለጭነት መኪና ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ ልኩ በመኪናው በር ላይ ተጽፏል።

ጎማው ተመለሰ። ዳዶዎቹ ሲጠብቁ በተርታ አይደለም፤ አንዱን ከላይ፣ ቀጥሎ ትይዩውን ከታች፣ እንዲህ እያሉ ነው። መኪናው ከወረደ በኋላ እንደገና ይጠብቃሉ። ገበያው ሲደርሱ ሾፌሩ ሦስተኛ ጊዜ ሞከራቸው፤ አንዱ ላልቶ ነበር። ድንጋዮቹንም ሽማግሌው ራሳቸው አንድ በአንድ አንሥተው ከመንገዱ ውጪ፣ ከአጥሩ ሥር ደርድረዋቸው ነበር የመጡት።

ይኸ ከተማ ውስጥ ነው። በገጠር መንገድ፣ ጎሚስታ በሌለበትስ? አይሱዙ ከኋላ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ጎማ አለው። የፊት ጎማ ከተበላሸ ሾፌሮች ከኋላ አንዱን ፈትተው ወደ ፊት ያመጡታል። ይቻላል፤ ግን ጭነቱን ሳያራግፉ መሄድ አይቻልም። ብቻውን የቀረው የኋላ ጎማ የሁለቱን ሸክም ተሸክሞ ይፈነዳል። ጭነቱ ይውረድ፤ ሰው ይጠብቀው፤ መኪናው ባዶውን ቀስ ብሎ እስከ ቅርብ ከተማ ይሂድ። ጎማ ውስጥ ሣር ወይም ገለባ ጠቅጥቆ የሚሄድም አለ። ለብስክሌትና ለጋሪ፣ በቀስታ፣ ለአጭር መንገድ ይሆናል። ለመኪና ግን አይሆንም፤ ሲፈጥን ይግላል፤ ይጨሳል። ጋሪ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት ፈረሱን ፍቱት። ጋሪው አንድ ጎን ሲያዘነብል ቀንበሩ የፈረሱን ጀርባ ይልጣል።

ከመነዳሪ የሌለው ጎማም አለ፤ ሾፌሮች «ቱብለስ» ይሉታል። በእሱ ሚስማር ተሰክቶ ካያችሁ አትንቀሉት። ሚስማሩ ቀዳዳውን ራሱ ደፍኖታል፤ ንፋሱ የሚያልቀው በቀስታ ነው። ንፋስ እየሞሉ፣ ቀስ እያሉ ጎሚስታ ዘንድ መድረስ ይቻላል። ጎሚስታው ሙጫ የተነከረ ገመድ ከውጭ በመርፌ ይከተዋል፤ ጎማውን መፍታትም ላያስፈልግ ይችላል። በከተማ እየበዙ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዚህ ዓይነት ጎማ የሚሄዱ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥራቸው ጨምሯል። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡም ስኮርታ የላቸውም። ቦታውንና ክብደቱን ለመቆጠብ ሲባል አንዲት ትንሽ የንፋስ መሙያና አንድ ጠርሙስ የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ይሰጣቸዋል። ፈሳሹ የሚስማር ቀዳዳ ይደፍናል፤ የተቀደደ ጎን ግን አይደፍንም።

አንድ ነገር አልተናገርሁም። መኪናው ውስጥ ሕመምተኛ ወይም ምጥ የያዛት ሴት ካለች የጎማው ነገር ይቆይ። ሾፌሩ ጎማውን ሲታገል እናንተ ሌላ መኪና አስቁሙ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ገጠር ከሆናችሁ ያለፈውን መኪና ሁሉ ለምኑ፤ ቃሬዛም ቢሆን ይዘጋጅ። «አሁን ያልቃል፣ አሁን ያልቃል» እየተባለ ደም የሚፈሳት ሴት መንገድ ዳር አትጠብቅም።

ስለ አየር ጎማ አመጣጥም ጥቂት ልበል። በፈረንጅ 1845 ዓ.ም. ቶምሰን የሚባል የስኮትላንድ ሰው አየር የተሞላ ጎማ ለመሥራት የባለቤትነት ፈቃድ አግኝቶ ነበር፤ የሚጠቀምበት ጠፍቶ ተረሳ። በ1888 ደግሞ ደንሎፕ የተባለ የከብት ሐኪም፣ ልጁ በሦስት እግር ብስክሌት ሲሄድ እንዳያንገጫግጨው ብሎ እንደገና ሠራው። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ መኪና ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት መጣ። በአገራችንም የአዲስ ጎማ ፋብሪካ በፈረንጅ 1972 ተቋቁሞ ጎማ መሥራት ጀምሯል።

ጎማ በጎኑ ከተቀደደ፣ ወይም ውስጡ ያለው ክርና ሽቦ ከታየ፣ ማንም ጎሚስታ ሊያድነው አይችልም። «እሰፋልሃለሁ፣ ከውስጥ ቁራጭ ጎማ አስገባልሃለሁ» የሚል አለ፤ ለጋሪ ካልሆነ በቀር አትቀበሉት። እንዲህ ያለው ጎማ ቢጣልም ከንቱ አይደለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ቢወሰድ እዚያ ያሉት ሠራተኞች በቢላ ይቆርጡታል፤ ጥርሱ ያለበት ክፍል ሶል ይሆናል፤ ከከመነዳሪው ማሰሪያ ይወጣል። ብዙዎቻችን ለእርሻ የምናደርገው በረባሶ ከእንዲህ ያለ ጎማ የተሠራ ነው።